የመልካሙ በር

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ ታክሲ አጣሁና በአውቶ ፓርኮ በኩል በእግሬ ወረድኩ። ከአንዱ ጋራዥ አጥር ሥር ስደርስ የስቱኮ ሽታ መጣብኝ። ስቱኮ መኪና ሲጋጭ የጎደጎደው ላሜራ ላይ የሚሞላው ግራጫ ሊጥ ነው። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈግና ዱቄቱ ከቀለምና ከቤንዚን ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ሰው አይወደውም። እኔ ግን ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልኩና ቆየሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። የጋራዡ ዘበኛ ይህን ሳያይ አልቀረም መሰለኝ፣ "ምነው እህት፣ የወደቀብሽ ነገር አለ?" አለኝ። "የለም" አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ። እቤት እስክደርስ ድረስ ግን ሽታው አብሮኝ ነበር።

ትዝታ የሽማግሌ ሀብት ነው ይባላል። እኔ ገና ሠላሳዎቹን መጀመሬ ስለሆነ "በእኛ ጊዜ" ብዬ ወሬ ስጀምር የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ቢሆንም ዘመን የሚያልፈው በዓመት ብዛት ብቻ አይመስለኝም። እኔ ልጅ ሳለሁ ጎንደር ውስጥ ባጃጅ አልነበረም። ከፒያሳ አዘዞ ሰው የሚያመላልሱት ትንንሾቹ ሰይቼንቶዎች ነበሩ፤ ሒሳቡም አንድ ብር ከሃምሳ ነበር። ከረሜላ በአምስት ሳንቲም ይገዛል፤ ኮንጎ ጫማ የሌላት ልጅ ክረምቱን በሰው ጀርባ ላይ ታዝላ ነው ወንዝ የምትሻገረው። አባቴ ታከለ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፎ፣ ቢሮ እንደሚሄድ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ ነበር ታክሲ የሚነዳው። ቴፑ ውስጥ አንድ ካሴት ብቻ ነበረው። ካሴቱ ከመደጋገሙ የተነሣ ላልቶ የዘፋኟ ድምፅ አንዳንዴ እንደ ወንድ ይጎረንናል፤ ተሳፋሪውም እንዲያው ድምፁን አጎርንኖ አብሯት ይዘፍን ነበር።

ሰይቼንቶ አይቶ የማያውቅ ካለ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት የሆነ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን የምትመስል መኪና ናት። የኛይቱ የጥንት ስለነበረች በሮቿ እንደ ሌላው መኪና ሳይሆን ወደ ኋላ ነበር የሚከፈቱት። ለአራት ሰው ተሠርታ ስድስት ትጭናለች፤ በገና ሰሞን አንድ በግ ይጨመርባታል። ቀለሟ ሰማያዊ ነበር። ቀኝ በሯ ብቻ ነጭ ነው። ንጹሕ ነጭም አይደለም፤ የወተት ስልባቦት የመሰለ፣ ጠርዝ ጠርዙ የተላላጠ ነጭ። ተሳፋሪ ሁሉ የሚገባው በዚያ በር ስለነበር የከተማው ሰው ባለ ነጭ በሯ እያለ ነበር የሚጠራት። "በባለ ነጭ በሯ መጣሁ" ይላሉ፣ "ባለ ነጭ በሯ አለፈች እንዴ?" ይላሉ።

እኔ ያንን በር አፍርበት ነበር። ልጆች አይምሩም። "ማስተዋል፣ አባትሽ ሲቀባ ዝናብ መጣበት?" ይሉኛል። አንዱ "የግማሽ መኪና ልጅ" የሚል ስም አወጣልኝና እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተከተለኝ። ጠዋት አባቴ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ጃን ተከል ዋርካ ጋ ስንደርስ "እዚህ ይበቃኛል አባዬ" እለው ነበር። እሱም ያቆምልኛል። አንድ ቀን ግን እንደምንም ደፍሬ፣ "አባዬ፣ በሩን ለምን ሰማያዊ አትቀባውም?" አልኩት። መሪውን እንደያዘ ፊት ለፊቱን እያየ፣ "ተይው ልጄ፣ ይቆይ" አለኝ። በቤታችን ይቆይ የተባለ ነገር ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ደግሞ እኔ ለመጠየቅ የተፈጠርኩ ልጅ አልነበርኩም። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ኋላ ነበር የምቆመው።

በዓመት አንድ ቀን፣ ለኅዳር ሚካኤል፣ አባቴ ሥራ አይሠራም። መኪናዋን በጠዋት አጥቦ፣ ስኳርና ሳሙና ገዝቶ፣ ብቻውን ከጎንደር ወጣ ብላ ወዳለችው ትንሽ ከተማ፣ ወደ ትክል ድንጋይ፣ ይሄዳል፤ ሲመሽ ይመለሳል። ተሳፋሪ አይጭንም፣ እኛንም አይወስደንም። እናቴን "የት ሄደ?" ስላት "ዘመድ ጥየቃ" ትለኛለች። የሚካኤል ዕለት ሲመለስ ራት አይበላም። ካሴቱንም አይከፍትም።

ከዚያ ሚኒባሶች በዙ፣ ባጃጅ መጣ፣ ሰይቼንቶዎቹ አንድ በአንድ ከመንገድ ወጡ። የኛይቱ አዘዞ ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆመች። ዶሮዎች የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። እናቴ አረፈች። እኔ ተመረቅኩና ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀጠርኩ፤ ለእንደኔ ዓይነት ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ድምፅ የማያሰማ ይመሰገንበታል። አባቴ ልቡን ታመመ። ዓይኖቹንም ሞራ ጋረዳቸው። ሐኪሞቹ ልቡ እስኪጠነክር ድረስ ዓይኑን አንነካም ስላሉ ብርሃንና ጥላ ብቻ እየለየ በረንዳ ላይ መዋል ጀመረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሚካኤል ትክል ድንጋይ አልሄደም። "በአውቶቡስ ላድርስህ" ስለው "ያለሷ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?" ይለኛል። "እሷ" የሚላት መኪናዋን ነው። ጥቅምት ሲጋመስ መብሰልሰል ይጀምራል። እንቅልፍ ያጣል፤ እህሉም ይቀንሳል።

በአራተኛው ዓመት አንድ ነገር ቆረጥኩ። መኪናዋን አሠርቼ፣ እኔው ራሴ ነድቼ፣ ለሚካኤል ልወስደው። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። ስነግረው፣ "ሸጋ። ለሚካኤል ትደርሳለች?" አለ።

"ትደርሳለች።"

"ሞተሯን ብቻ አሠሪ። ቆርቆሮውን አትንኪው።"

ይህን ቃል ዛሬም እሰማዋለሁ። ያኔ ግን የሰማሁት እንደ ማንኛውም ልጅ ነው። በእኛ አገር አባት፣ ልጁ ስትደክምለት "አልፈልግም" ማለት ወጉ ነው። ጫማ ስገዛለት "ያለኝ ይበቃኛል" ይላል፤ ጋቢ ስገዛለት "ለማን ብለሽ?" ይላል፤ ከዚያ ለጎረቤት ሁሉ እያሳየ ይለብሰዋል። ስለዚህ "ቆርቆሮውን አትንኪው" ያለኝን ይሉኝታ ነው ብዬ ቆጠርኩት። በልጅነቴ ያፈርኩበትን በር ሰማያዊ አስቀብቼ፣ መኪናዋን ሙሉ ለሙሉ አዲስ አድርጌ በር ላይ ባቆምለት እንዴት ደስ እንደሚለው አሰብኩ። ማየት እንኳ ባይችል፣ ሰው አይቶ ይነግረዋል ብዬ። መጠየቅ ይቻል ነበር። አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ አልጠየቅሁም።

አዘዞ ያሉ ወጣት መካኒኮች መኪናዋን ተቀበሉኝ። ጎበዞች ነበሩ፤ ሞተሩን በሁለት ሳምንት አስነሡት። ግን ቸኮሉ። በሮቹን ነቅለው ለብቻ፣ ቦዲውን ለብቻ ቀቡና ሁሉም ከደረቀ በኋላ ሊገጥሙ ተነሡ። የግራው በር እሺ ብሎ ገባ። የቀኙ ግን እምቢ አለ። ከላይ ሲገባ ከታች ይወጣል፤ ከታች ሲገፉት መስታወቱ ከጣሪያው ጋር ይጋጫል። ሦስት ጊዜ ፈትተው ገጠሙት። በሦስተኛው የአዲሱ ቀለም ጠርዝ ተላጠ። አለቃቸው ላቡን እየጠረገ፣ "እህቴ፣ ይሄ በር ዓመል አለበት። አውቶ ፓርኮ አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ የድሮ በር ከሳቸው በቀር የሚችለው የለም" አለኝ። ለሚካኤል አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

አያ ደምሴ ባትላሜራ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ላሜራ ሲቀጠቅጡ የኖሩ። ጣቶቻቸው እንደ ዝንጅብል ጠማማ ናቸው። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማጠፊያዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ "ከማጠፊያው ሥር የነበሩ ቆርቆሮዎች የት ሄዱ?" አሉኝ።

"ምን ቆርቆሮ?"

"ስስ ቆርቆሮ፣ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ። ከላይኛው ሥር ሦስት፣ ከታችኛው ሥር አንድ።"

ልጆቹ ዝገት መስሏቸው ጥለዋቸው ነበር። ይህን ስነግራቸው አያ ደምሴ አልተቆጡም። ዓይናቸውን ከበሩ ወደ መኪናዋ፣ ከመኪናዋ ወደ እኔ አዞሩ። "እነዚያን ቆርቆሮዎች የቆረጥኩ እኔ ነኝ" አሉ። "የታከለ ልጅ ነሽ አይደል? የኔ ልጅ፣ ምነው ቀባሽው?"

ያን ዕለት አልመለሱልኝም። "መጀመሪያ በሩን እንግጠም፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል" አሉ። የድሮ መኪና በር ለሁለት ሰው ነው የሚገጠመው፤ አንዱ ክብደቱን ተሸክሞ ይይዛል፣ ሌላው ብሎኑን ያጠብቃል። ረዳታቸው የዚያን ሰሞን ለአጨዳ አገሩ ሄዶ ስለነበር የምይዘው እኔ ሆንኩ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በሩን ከሥር ደግፌ ሁለት ቀን ተንበረከክሁ። የጎረቤት ጋራዥ ልጆች "አያ ደምሴ፣ በስተርጅና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ረዳት አገኙ!" እያሉ ይቀልዱ ነበር። እሳቸውም "ዲግሪዋ ለአንድ በር አልበቃም፤ ሁለተኛውን እኔ ጋ እየተማረች ነው" ይሏቸዋል። አዲስ ቆርቆሮ ከዘይት ጣሳ ቆረጡ። አንድ ከታች ይጨምራሉ፣ ብሎኑን በግማሽ ያጠብቃሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፤ ከዚያ የጋዜጣ ወረቀት ሰንጥቀው በክፍተቱ ያስገቡና ይስባሉ። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ላላ ማለት ነው፤ ከተቀደደ ጠበቀ ማለት ነው። ትንሽ አንገራግሮ መውጣት አለበት። "እንደ ሰው ነው" ይሉኛል፣ "ትንሽ ሲያንገራግር ነው ደኅና የሚሆን።"

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት፣ በሩ ጭኔ ላይ እያለ ነገሩኝ።

አባቴ ጓደኛ ነበረው። መልካሙ ይባላል፤ የትክል ድንጋይ ሰው ነው። አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሰይቼንቶ ገዙ፤ የአባቴ ሰማያዊ፣ የመልካሙ ነጭ። በአንድ መስመር ይሠራሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ የአንዱ መኪና ስትበላሽ በሌላው ፈረቃ ገብተው ይነዳሉ። ከዚያ ሰው ለጉዳይ ወጥቶ በዚያው የሚቀርበት ዘመን መጣ። መልካሙ አንድ ጠዋት ወጣና በዚያው ቀረ። መኪናው አውቶ ፓርኮ ቆማ ነበር። ባለቤት የሌለው መኪና ደግሞ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ አንዱ ጎማ ወሰደ፣ አንዱ መስታወት፣ አንዱ ሞተር። አባቴ ፈርቶ ሳምንት ሙሉ በዚያ ሳያልፍ ሰነበተ። ሲመጣ የቀረው አንድ ቀኝ በር ነው። ፈትቶ ተሸክሞት እቤቱ ገባ። በኋላ የጭነት መኪና የራሱን ቀኝ በር ሲያጨማድድበት ያንን በር አምጥቶ "ግጠምልኝ" አላቸው።

"ቀለሙንስ አልኩት" አሉ አያ ደምሴ። "'አልቀባውም፤ አደራ ነው' አለኝ። ሚስትየዋ፣ ውዴ፣ በየጊዜው እየመጣች 'ምን ሰማህ? ምን ሰማህ?' ትለው ነበር። ለሱ ሞት ነው ያ ጥያቄ። ያልሰማውን ምን ይበላት? በመጨረሻ እንዲህ አላት፦ 'በየዓመቱ ለሚካኤል እመጣለሁ። በሩን ነጭ ሆኖ ካየሽው አልሰማሁም ማለት ነው፤ አትጠይቂኝ። የሰማሁ እንደሆነ ቀብቼው እመጣለሁ።' በዚህ ተስማሙ። ሠላሳ ምናምን ዓመት።"

በሩ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። መኪናዋ ሰማያዊ ሆና ትክል ድንጋይ ከገባች እትዬ ውዴ የሚያነቡትን ተረዳሁ። መርዶ ነው። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲሁ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ማለዳ ተሂዶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እኔ በቀለም ልነግራቸው ነው፤ ያውም ማንም ያላረጋገጠውን ሞት።

"መልሰን ነጭ እንቀባው" አልኳቸው።

"ነጭ ቀለም ሞልቷል። የሱን ነጭ ግን ከየት ታመጫለሽ? እነዚያ ልጆች እስከ ላሜራው ድረስ ፍቀውታል።" ካቻቪቴያቸውን አስቀመጡ። "አሁን ያደረግሽው ስሕተት ነው። ነጭ ብትቀቢው ግን ውሸት ይሆናል። ለአባትሽ ንገሪው። እኔ በአባትና በልጅ መሀል አልገባም።"

"እነግረዋለሁ" አልኩ። የምር ነበር።

በማግሥቱ መኪናዋን ይዤ ገባሁ። አባቴ ድምፅዋን ከመንገዱ ጀምሮ ለይቶ በረንዳው ጫፍ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀርቦ ኮፈኗን ዳሰሰ፣ ጣሪያዋን ዳሰሰ፣ ወደ ቀኝ ዞሮ በሩን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ጥፕ አለ። እንደገና ከፍቶ ዘጋው። ጥፕ። "ደምሴ ነው!" አለ፤ "ይሄ የደምሴ እጅ ነው! በድሮው ቀን እንዲህ ነበር የሚዘጋ!" ሳቀ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ዓይኖቹ ቀለሙን አልለዩም። ሐኪሙ "አታስደንግጡት" ያለውን አስታወስኩ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

በማግሥቱም አልነገርኩትም። የሚካኤል ጠዋት ስኳርና ሳሙናውን ከፊት ጭነን ተነሣን። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰላም ነበር። ፒያሳ ስንደርስ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ሰዎች ቆመው እያዩን ነበርና ተውኩት። ከከተማ ስንወጣ እነግረዋለሁ አልኩ፤ እሱ የዚያን ያረጀ ካሴት ዘፈን እያንጎራጎረ ነበር። ግራና ቀኙ የታጨደ ጤፍ ነው፤ ነዶው ተከምሯል፤ አንዳንዱ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱን በሩ ላይ ደገፍ አደረገና "ጭድ ጭድ ይሸታል፤ ደረስን መሰለኝ" አለ። በልቤ ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። ከከተማዋ ወዲህ አቁሜ፣ እሱን መኪና ውስጥ ትቼ፣ እኔ በእግሬ ቀድሜ እትዬ ውዴን አገኝና እነግራቸዋለሁ። ለማላውቃት ሴት መናገር ለአባቴ ከመናገር ይቀላል ብዬ ነው።

ጊዜ አላገኘሁም። ከመጨረሻው መታጠፊያ እንደወጣን አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ባልቴት ነጠላቸውን ተከናንበው በመንገዱ ቀኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ለይተው ነው የወጡት። ሦስት ዓመት የቀረ እንግዳ ሲመጣ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ፈገግ ብለው ተነሡ። እኔም ሳላስበው ፍሬን ያዝኩ። በቀኝ በኩል ነበሩና በሩ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የጠፋው። በሩን አዩት። አባቴን አዩት። ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

"መልካሙ! የቤቴ ምሰሶ! አፈር ሳላለብስህ! ሳልቀብርህ!"

እንዲያ ዓይነት ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ከአውድማው ሰዎች መንሻቸውን እየጣሉ ሮጡ። ሴቶች ከየቤቱ እየወጡ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ። አባቴ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ ፊቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ፣ "ምነው? ማን ሞተ? ውዴ! ማን ሞተ?" ይላል። ከዚያ ስሙን ሰማ። ወደ እኔ ዞረ።

"መልካሙ ነው የምትለው? ማን ነገራት? ማስተዋል፣ ማን ነገራት?"

"እኔ ነኝ አባዬ።"

"ምን ብለሽ?"

"በሩ ሰማያዊ ነው። ቀባሁት።"

እጁን በመስኮቱ አውጥቶ የበሩን ላሜራ ከውጭ ዳሰሰ። ቀለም በእጅ የሚታወቅ ይመስል ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ ዳሰሰው።  ቢጮህብኝ ይሻል ነበር።

ወረድኩ።  የተሰበሰበውን ሰው ሰንጥቄ እትዬ ውዴ ፊት ቆምኩ። በሕይወቴ ከአምስት ሰው በላይ ፊት ቆሜ የተናገርኩት ያን ቀን ነው።

"እትዬ ውዴ፣ ምንም አልሰማንም። ማንም የነገረን የለም። በሩን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ አባቴ አያውቅም። ስቀባው ሳላውቅ ነው። ካወቅሁ በኋላ ዝም ያልኩት ግን አውቄ ነው።"

ለቅሶው ቆመ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። መንሻ የያዘ አንድ ጎልማሳ ጎረቤት፣ "ታዲያ አልሞተም ማለት ነው! ውዴ፣ እሰይ በይ እንጂ፣ ነጠላሽን ከወገብሽ ፍቺ!" አለ።

እትዬ ውዴ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሡ መለሱለት።

"አንተ ዘነበ፣ አልሞተም ትለኛለህ? ይኸን ሁሉ ዓመት አልሞተም ስትሉኝ ኖራችሁ። አንድ ሰው እንኳ ደፍሮ ሞቷል ያለኝ የለም። እኔም ሞቷል ብዬ ሳላለቅስ፣ አለ ብዬ ሳልደሰት አረጀሁ። ይቺ ልጅ ሳታውቅም ቢሆን ልቤ የሚያውቀውን ነገረችኝ። አንዴ ታጥቄያለሁ፤ አልፈታም። አልቅሱልኝ።"

አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደ። ልደግፈው ስል እጄን በቀስታ አነሣውና የእትዬ ውዴን ድምፅ ተከትሎ ሄደ። "አልሰማሁም ውዴ" አላቸው። "ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ አልሰማሁም።"

"አውቃለሁ ታከለ" አሉት። "ብትሰማም አትነግረኝም ነበር።"

አባቴ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበና ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። "ፈርቼ ነው" ይል ነበር፤ "ሳምንት ሙሉ በዚያ ያላለፍኩት ፈርቼ ነው፤ ወንድሜ፣ ፈርቼ ነው።" በየት ሳያልፍ እንደቀረ ማንም አልጠየቀውም። ወንዶቹ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ በእትዬ ውዴ ደጅ ሸራ ተወጠረ። ለሚካኤል ዝክር የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶ ቀረበ። ሬሳ የለም፣ ፎቶግራፍም የለም፤ አንድ የተጣጠፈ የወንድ ኮት ነበር፣ እሱን መሀል ላይ አስቀምጠው አለቀሱ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ውኃ አመላለስኩ። አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩኝም፤ አንዷ ብቻ ማሰሮውን ስታሸክመኝ "አንቺ ነሽ ያቺ ልጅ?" አለችኝ። "እኔ ነኝ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ወደ ማምሻው መምሬ አየለ የሚባሉት የደብሩ ቄስ ለፍትሐት መጡ። መስቀላቸውን አሳልመው ተቀመጡና፣ "ስመ ክርስትናው ማን ነበር?" አሉ።

"ገብረ ሥላሴ" አሉ እትዬ ውዴ።

"ያረፈበት ቀንስ? አርባውን ከመቼ እንቁጠር?"

 ወንዶቹ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ወደ መሬት አቀረቀረ። የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ወሩን እንኳ፣ ዓመቱን እንኳ።

እትዬ ውዴ ኮቱን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ሲያቃኑት ቆዩ። "ዛሬ ነው ያረፈው" አሉ። "ከዛሬ ቁጠሩልኝ።"

መምሬ አልተከራከሩም። የኅዳር ሚካኤልን አንድ ብለው በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ቆጠሩ። "ታኅሣሥ ሃያ አንድ ይውላል። ማርያም ናት። የጾም ይሆናል።"

"የጾም ይሁን።"

አባቴ ያን ጊዜ ቀና አለና፣ የት እንደተቀመጥኩ ስላልለየ ፊቱን ወደ ሴቶቹ ሁሉ አዙሮ፣ "ማስተዋል፣ ለአርባው ታደርሺኛለሽ?" አለ።

"አደርስሃለሁ አባዬ" አልኩ። ዳሱ ሙሉ ሰው ሰማኝ።

አደረስኩትም።